ኩምሳ ሞሮዳ እና ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፦ የአንድ የወለጋ ገዥ ስምና ማዕረግ

ነቀምቴ ያለውን ቤተ መንግሥት ሰው ሁሉ የሚጠራው በኩምሳ ሞሮዳ ስም ነው። ከዚያው ግቢ የተገኙትን ደብዳቤዎች የሚያነብ ተመራማሪ ግን በአብዛኛው የሚያገኘው «ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር» የሚለውን ነው። ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው። ኩምሳ አባቱ ሲሞት በ1889 እ.ኤ.አ. የሌቃ ነቀምቴን ግዛት የተረከበው፣ ሲጠመቅ ገብረ እግዚአብሔር የተባለው ገዥ ነው። ይህን ያላስተዋለ ጸሐፊ ከአንድ ሰው ሁለት ያወጣል፤ እንዲህ ያለ ስሕተትም አንድ ጊዜ ከታተመ በኋላ ለመንቀል ያስቸግራል።

የአባቱም ስም አጻጻፍ አንድ አይደለም። በአማርኛ «ሞረዳ»ም «ሞሮዳ»ም ይጻፋል። እኔ ለኦሮምኛው የቀረበውን ሁለተኛውን መርጫለሁ። ሞሮዳ የቤተሰብ መጠሪያ አለመሆኑም መታወቅ አለበት፤ የበከሬ ልጅ ሞሮዳ፣ የሞሮዳ ልጅ ኩምሳ ነው። በአውሮፓውያን ልማድ «ሞሮዳ፣ ኩምሳ» ብሎ የሚመዘግብ ቤተ መጻሕፍት የልጁን ሥራ በአባቱ ስም ሥር ያስቀምጣል።

ማዕረጉ ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ለሕዝቡ ሞቲ፣ ማለትም ንጉሥ ነው፤ ለምኒልክ ቤተ መንግሥት ደጃዝማች ነው። አባቱ ሞሮዳ ለምኒልክ ገብሮ ደጃዝማች ተብሏል፤ ልጁ ሀብተ ማርያምም እንዲሁ። ስለዚህ ቀን የሌለው ወረቀት ላይ «የነቀምቴው ደጃዝማች» ተብሎ ቢገኝ ከሦስቱ ማንኛቸውም ሊሆኑ ይችላሉ። እንግሊዞች በዚህ ረገድ መለያ አበጅተዋል፦ የመቅደላውን ዘመቻ የመራው ሮበርት ናፒየር በ1868 እ.ኤ.አ. «ባሮን ናፒየር ዘመቅደላ» ተባለ። በዚያው ጊዜ የማድራስ ገዥ የነበረው ሌላ ሎርድ ናፒየር ስለነበር፣ ሁለቱን የምትለያቸው የእኛዋ አምባ ስም ናት። የእንግሊዙ ማዕረግ ለልጅ ይወረሳል፤ ደጃዝማችነት ግን ከባለቤቱ ጋር የሚያልፍ ሹመት ነበር፣ ልጁ እንደገና መሾም ነበረበት።

የደብዳቤው ራስጌ ሌላ ወጥመድ አለበት። በዚያ ዘመን አጻጻፍ «ይድረስ ከደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር» ሲባል ተቀባዩ እሱ ነው። ያኔ «ከ» የዛሬውን «ለ» ቦታ ይዞ ነበር። የዛሬ ተማሪ ይህን ሳያውቅ ቢያነብ ላኪና ተቀባይ ይገለበጡበታል፤ ወርቅና የዝሆን ጥርስ እንዲገብር የታዘዘው ሰው አዛዥ ይመስለዋል። አሌሳንድሮ ትሪዩልዚና ተሰማ ታአ የወለጋን ሰነዶች ሰብስበው ማሳተማቸው ትልቅ ውለታ የሆነውም ዋናውን ጽሑፍ ራሱን ለማየት ስላስቻለ ነው።

በእኔ እምነት ትክክለኛው ምዝገባ «ኩምሳ ሞሮዳ (የክርስትና ስሙ ገብረ እግዚአብሔር)፣ ደጃዝማች፣ የሌቃ ነቀምቴ ሞቲ» የሚለው ነው። የክርስትና ስሙን ማንሣት የግድ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የመለሰውን አናሲሞስ ነሲብን ነቀምቴ ላይ ያስጠለለው ገዥ በአንዱ ጽሑፍ በዚህ፣ በሌላው በዚያ ስም ይጠራልና። ልጁም የተጠራው በአባቱ የክርስትና ስም ነው። በ1936 እ.ኤ.አ. የምዕራብ ኦሮሞ ባላባቶች ጎሬ በነበረው የእንግሊዝ ቆንስል በኩል ጥበቃ ሲጠይቁ ከመሪዎቹ አንዱ ሀብተ ማርያም ገብረ እግዚአብሔር ነበር፤ «ኩምሳ» ከሚለው ስም ብቻ ተነሥቶ የሚፈልግ ሰው የኩምሳን ልጅ እዚያ አያገኘውም።