የውሸት መስኮት፦ ከአክሱም ድንጋይ እስከ አሰላ ካፌ

አሰላ ውስጥ አንድ ካፌ አለ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ትልቅ ቴሌቪዥን ቀኑን ሙሉ የስዊዘርላንድን ተራሮች ያሳያል፤ በረዶ፣ ሐይቅ፣ አንገታቸው ላይ ደወል የታሰረላቸው ላሞች። ከበሩ ሦስት እርምጃ ወጣ ያለ ሰው ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚረዝመውን ጭላሎን በነጻ ያያል። መሳቅ ይቻላል። ነገር ግን ግድግዳ ላይ ሌላ አገር መስቀል የዩቲዩብ ዘመን ፈጠራ አይደለም። እኛ ዘንድ እጅግ የቆየ ነው።

የአክሱምን ሐውልቶች ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱ። ትልልቆቹ የፎቅ ቤት ምስል ናቸው። ከታች መቆለፊያው ሳይቀር የተቀረጸለት በር አለ፤ ከዚያ በላይ በየፎቁ የተደረደሩ መስኮቶች። በሩ አይከፈትም፣ መስኮቶቹ አያሳዩም፤ ሁሉም ድፍን ድንጋይ ነው። ወድቆ የተሰባበረው የ33 ሜትሩ ሐውልት 13 ፎቅ ተቀርጾለታል። ጣሊያን በ1929 ዓ.ም. ወስዳ በ1997 ዓ.ም. የመለሰችው የ24 ሜትሩም ፎቆች ተቀርጸውለታል። የቆሙት በመቃብር ስፍራ ነው። መስኮቱ ለማን እንደተሠራ እያንዳንዳችሁ ገምቱ። የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስም ይህንን ልማድ ወርሷል፤ የታችኛው ረድፍ መስኮቶቹ ቅርጽ ብቻ ናቸው፣ ብርሃን የሚገባው በላይኞቹ ነው።

የአርሲ ደጋ ገበሬ ግን እውነተኛም ሆነ የውሸት መስኮት ሳያስፈልገው ኖሯል። ጎጆው ክብ ነው፣ ብርሃን በበሩ ይገባል፣ ጭሱ በሣር ክዳኑ ይወጣል። በዚያ ብርድ ግድግዳ መብሳት እሳቱን ለንፋስ መስጠት ነው። ቀኑን ሙሉ ገብስና ስንዴው መካከል የሚውል ሰው ማታ የሚፈልገው ሙቀት እንጂ ገጽታ አይደለም። የሩቁን ዓለም ያመጣለት ሬዲዮ ነው። አሰላ አቅራቢያ ያደገው ኃይሌ ገብረሥላሴ፣ ምሩጽ ይፍጠር በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ ሲያሸንፍ የሰማው በአባቱ ሬዲዮ እንደነበር ደጋግሞ ተናግሯል። ምንም ምስል አልነበረም፤ የቀረውን ልጁ ራሱ ሳለው።

ከተማው ሌላ ነው። ፎቶ ቤቶቻችን ፏፏቴና የአበባ መናፈሻ የተቀባበት መጋረጃ ዘርግተው ስንቱን ሙሽራና ስንቱን ወታደር ከፊቱ አቆሙ። በኋላ ያ መጋረጃ ፖስተር ሆኖ ሳሎን ገባ። የማናውቀው አገር ሐይቅ ከሶፋው በላይ ተለጥፎ ያደግን ብዙ ነን። ስለዚህ የአሰላው ካፌ ባለቤት አዲስ ነገር አላመጣም፣ ፖስተሩን ሶኬት ላይ ሰካው እንጂ።

ቴሌቪዥን እኛ አገር ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ከዐሥር ዓመት በኋላ ያ ስክሪን በታሪካችን ውስጥ እንደ መስኮት ያገለገለበት አንድ ምሽት መጣ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ በጥቅምት 1973 እ.ኤ.አ. ለአገሩ ሕዝብ አሳይቶ ነበር። እዚህ ግን ቤተ መንግሥቱ ከወሎ የራቀው በኪሎ ሜትር ብቻ አልነበረም። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ደርግ ያንኑ ፊልም የቤተ መንግሥት ድግስና ምቾት ምስሎች እያስገባበት በቴሌቪዥን አስተላለፈው። ንጉሠ ነገሥቱም እንዲመለከቱት ተነገራቸው። በማግስቱ ከዙፋን ወርደው በቮልስዋገን ተወሰዱ። ረሃቡ እውነት ነበር፣ ድግሱም እውነት ነበር። የትኛው ምስል ከየትኛው ጎን ይቀመጥ የሚለውን ግን የወሰነው መቀሱን የያዘው ነው። በስክሪን የተሠራ መስኮት ከመስታወት የሚለየው ለእኔ እዚህ ላይ ነው። መስታወት ከፊቱ ያለውን ሁሉ ያሳያል፤ ስክሪን አንድ ሰው የመረጠውን።

አሁን ጉዳዩ ወደ ቤታችን መጥቷል። ዲዝኒ በ2011 እ.ኤ.አ. ባሕር ላይ ያሰማራት መርከብ መስኮት በሌላቸው ክፍሎቿ ክብ ስክሪን ገጥማ፣ ውጭ የተተከሉ ካሜራዎች የሚቀርጹትን ባሕር ታሳይ ነበር። ይህን ያየው ቢሊየነር፣ የዋረን ቡፌት ሸሪክ ቻርሊ መንገር፣ ለካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ 4,500 ተማሪ የሚይዝ ማደሪያ ነደፈ። አብዛኞቹ መኝታ ክፍሎች መስኮት የላቸውም፣ በምትኩ ሰው ሠራሽ መስኮት ይገጠምላቸዋል ተባለ። ዩኒቨርሲቲውን ያማክር የነበረው አርክቴክት ዴኒስ ማክፋደን በ2021 እ.ኤ.አ. ተቃውሞ ለቀቀ፤ ዕቅዱም በ2023 ተተወ።

የካሊፎርኒያን ተማሪ ምን አገባን የሚል ይኖራል። አዲስ አበባ ውስጥ በኮምፔንሳቶ ተከፍሎ የሚከራይ ክፍል የፈለገ ያውቀዋል፤ መስኮቱ ለአንዱ ተከራይ ደርሶ ሁለተኛው በአምፖል ይኖራል። ነገ አከራዩ ርካሽ ስክሪን ሰክቶ «ባለ መስኮት ነው» ብሎ ዋጋ ቢጨምር አልደነቅም። ያን ቀን የምንመልሰው ነገር እንዲኖረን አንድ ጥናት እንያዝ። በ2008 እ.ኤ.አ. የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲው ፒተር ካንና ባልደረቦቹ 90 ሰዎችን በሦስት ዓይነት ሁኔታ ፈተኑ፤ ገሚሱን በእውነተኛ መስኮት ፊት፣ ገሚሱን ያንኑ ገጽታ በቀጥታ በሚያሳይ ትልቅ ስክሪን ፊት፣ የቀሩትን በባዶ ግድግዳ ፊት። ቀላል ጭንቀት ውስጥ ከገቡ በኋላ የልብ ምታቸው ቶሎ የተረጋጋው በመስኮቱ ፊት የነበሩት ናቸው። ስክሪኑ ከግድግዳው አልተሻለም።

ታዲያ ከነጭራሹ ይቅር? አልልም። ለምሳሌ ሚኒያፖሊስ ክረምቱን በበረዶ ተከቦ የሚያሳልፍ ብዙ የአርሲ ልጅ አለ። አሰላ ላይ ጎህ ሲቀድ እዚያ ከምሽቱ 3 ወይም 4 ሰዓት ነው። ከሥራ ገብቶ ጭላሎ ሲነጋ ማየት ቢፈልግ ማን ይከለክለዋል? ምክሬ ግን ከድሮን ቪዲዮ ይራቅ የሚል ነው፤ ድሮን የወፍ ዓይን ነው፣ ማንም በወፍ ዓይን አላደገም። አገር ቤት ያለው ወንድም ስልኩን ማቆሚያ ላይ አድርጎ፣ እናታቸው ቤት መስኮት ላይ፣ በተቀመጠ ሰው ዓይን ከፍታ፣ ሳያጎላና ሳያንቀሳቅስ ሁለት ሰዓት ይቅረጽለት። እዚያ ደግሞ ቴሌቪዥኑ ቴሌቪዥን ከሚሰቀልበት ሳይሆን መስኮት ከሚሆንበት ቦታ ይሰቀል፤ ጠርዙ በእንጨት ይሸፈን፣ መጋረጃ ይደረግለት፣ ብርሃኑ ይቀነስ፣ የጠዋቱ ለጠዋት፣ የማታው ለማታ ይከፈት።

ከሁሉ በላይ ወንድሙ ምንም አይቁረጥ። የጎረቤት የዛገ ቆርቆሮ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው፣ የባጃጁ ጥሩምባ፣ ጭድ የጫነው አህያ ይግቡ። ወሩ ሐምሌ ከሆነ ደመናው ጭላሎን ይሸፍነውና ለአርባ ደቂቃ ከነጭ ጉም በቀር ምንም ላይታይ ይችላል። እሱም ይግባ።