«የእርጥበት ማረጋገጫ» ማለት ምን ማለት ነው?

ለኮንክሪት ወለል የሚቀባ ነገር ከነመመሪያው በአማርኛ ቀርቦ አየሁ። ርዕሱ «የእርጥበት ማረጋገጫ» ይላል። ወለሉ እርጥብ ለመሆኑ ማረጋገጫ የፈለገ ሰው ምንጣፉን ገለጥ አድርጎ ሻጋታውን ቢያሸት ይበቃው ነበር! ተርጓሚው «ዳምፕ ፕሩፍ» (እርጥበት የማያሳልፍ) የሚለውን የእንግሊዝኛ የግንባታ ቃል ለሁለት ሰነጠቀና «ፕሩፍ»ን ፍርድ ቤት የሚቀርብ ማስረጃ አደረገው። እዚያው ወረቀት ላይ ቢቀር ዝም ባልኩ፤ አሁን ግን ሰው አፍ ገብቷል።

ነገሩን ግንበኛ ሁሉ ያውቀዋል። ኮንክሪት ድፍን ይምሰል እንጂ ውስጡ ጥቃቅን ቀዳዳ ነው፤ የመሬቱ ውሃ በዚያ ወደ ላይ ይሳባል። ስለዚህ ድንጋዩ ተደርድሮ፣ እንዳይበሳው አሸዋ ለብሶ፣ 0.3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላስቲክ ይነጠፍና ኮንክሪቱ በላዩ ይፈሳል። ቀድሞ ለፈሰሰ ወለል ደግሞ ኤፖክሲ በላዩ ሁለት እጅ ይቀባል።

ስሙን በተመለከተ እስካሁን የሰማኋቸው አማራጮች ሦስት ናቸው። «ጸረ እርጥበት» አጭር ነው፤ ነገር ግን በግዕዝ ፀር ጠላት ነው፤ ጸረ ተባይ ተባዩን ይገድላል፣ ላስቲኩ ግን እርጥበትን አይገድልም። «እርጥበት መከላከያ» ትርጉሙ ባይከፋም መከላከያ ሲባል ሰው ቀድሞ የሚያስበው ሠራዊቱን ነው፤ በዚያ ላይ ከዝናብ ልብስ እስከ ክትባት ሁሉን ስለሚሸከም ለሙያ ቃልነት ሰፍቷል። «እርጥበት ማገጃ» ይቀርባል፤ ሆኖም አገደ ዛሬ የቢሮ ግስ ሆኗል፤ እግድ የሚያወጣው ፍርድ ቤት ነው።

እኔ የምመርጠው «እርጥበት መግቻ»ን ነው። ገታ የሚባለው በመሄድ ላይ ላለ ነገር ነው። በልጓም የተገታች በቅሎ ቆመች እንጂ አልጠፋችም፤ እጅህን ስታላላ መንገዷን ትቀጥላለች። እርጥበትም እንዲሁ ከላስቲኩ ሥር አለ፣ ይገፋል፣ ቀዳዳ ይፈልጋል። «ማረጋገጫ»ው ይህን ሊናገር ቀርቶ ሊጠረጥር አይችልም።

ልዩነቱ የቃል ብቻ እንዳልሆነ በእንግሊዝ ገጠር ወደ መኖሪያነት የሚለወጡትን አሮጌ የእርሻ ቤቶች ያየ ያውቃል። ጎተራ ብለን እንዳንጠራቸው መሃላቸው አውድማ ነበር፤ ነዶው በግራና በቀኝ ተከምሮ እዚያው ይወቃ ነበር። የብዙዎቹ ግድግዳ በኖራ የተገነባ ድንጋይ ወይም ጡብ ሲሆን፣ ከሥሩ መግቻ የለውም። የብዙዎቹ ወለል የተደለደለ አፈር ስለነበር እርጥበቱ እንዳሻው ይተን ነበር። ኋላ ለከብትና ለትራክተር ተብሎ ሲሚንቶ ፈሰሰበት፤ ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ የፕላን ደንቡ ስለላላ ለዋጩ በዛ። አዲሱ ባለቤት ወለሉን አስቆፍሮ ላስቲክ ሲያነጥፍ ነገሩ ያበቃ ይመስለዋል። የጥንት ሕንፃ ባለሙያዎች ግን ከወለሉ የተገታው ውሃ ወደ ግድግዳው ዞሮ ኖራውን እንዳያበሰብስ ያስጠነቅቃሉ። አንዳንዶቹም በሲሚንቶው ፈንታ የሚተነፍስ የኖራ ኮንክሪት ያፈሳሉ። ዊሊያም ሞሪስ በ1877 እ.ኤ.አ. ከመሠረቱት የጥንታዊ ሕንፃዎች ጥበቃ ማኅበር የሚነሳው ምክርም ወደዚሁ ያዘነብላል። «መግቻ» የሚል ሰው ቢያንስ «የተገታው ወዴት ይሄዳል?» ብሎ ይጠይቃል።

ቃሉ ዘርም አለው። የሚነጠፈው መግቻ ላስቲክ፣ የሚቀባው መግቻ ቅብ፣ በግድግዳው ግርጌ በጡቡ መካከል የሚገባው መግቻ ረድፍ ይባላል። ሥራው እርጥበት መግታት ነው፤ ሠራተኛውም «ገታኸው ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። በ«ማረጋገጫ» ግን «እርጥበቱን አረጋገጥከው ወይ?» ልንል ነው።

ይህን ስል የውጭ ቃል ጠልቼ አይደለም። ፌሮውም አርማታውም ሊሾውም ከጣልያን መጥተው ቤተኛ ሆነዋል፤ ላስቲክንም ማንም አይነካብኝ። «ዳምፕ ፕሩፍ» እንዳለ ቢገባ እንኳ ከ«ማረጋገጫ» ይሻላል፤ እሱ ቢያንስ እንግዳ መሆኑን አይደብቅም። አማርኛ ከጠረገ መጥረጊያን፣ ከከፈተ መክፈቻን ያወጣ ቋንቋ ነው፤ ከገታ መግቻን ለማውጣት የማንንም ፈቃድ አይጠብቅም። የጎደለው ቃል ሳይሆን ከመተርጎሙ በፊት ወለል ሲሠራ ቆሞ ያየ ተርጓሚ ነው።