አውቶቡሱ እንዴት ተንበረከከ?

ሰኔ 28 ቀን 1970 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 5 ቀን 1978) በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ ዴንቨር ከተማ ውስጥ፣ የኮልፋክስና የብሮድዌይ ጎዳናዎች በሚገናኙበት መስቀለኛ መንገድ ላይ 19 አካል ጉዳተኞች ዊልቸራቸውን እየነዱ ወደ አስፋልቱ ገቡ። ሁለት የከተማ አውቶቡሶችን ከበው እንዳይንቀሳቀሱ አደረጓቸው። ከዊልቸር ወርደው አስፋልቱ ላይ የተጋደሙም ነበሩ። "እንሳፈራለን!" እያሉ ሲጮሁ አመሹ፤ ሌሊቱንም እዚያው አደሩ።

የጠየቁት ነገር ብዙ አልነበረም። እንደ ማንኛውም የከተማው ነዋሪ አውቶቡስ ላይ መውጣት ፈለጉ፤ በሩ ላይ ያለው ደረጃ ግን አያስወጣም።

ቁጣው ያን ቀን የተወለደ አይደለም። የከተማው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት (በአጭሩ አርቲዲ) አዳዲስ አውቶቡሶችን ሲገዛ የዊልቸር ሊፍት እንዲገጠምላቸው አላደረገም። እዚህ ላይ ስለ አውቶቡስ ግዢ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን ለከተማ አውቶቡስ ግዢ ከሚወጣው ገንዘብ እስከ 80 ከመቶ የሚሆነውን የሚሸፍነው የፌዴራሉ መንግሥት ነበር። ትልቅ አውቶቡስ ደግሞ አንዴ ከተገዛ አሥርና አሥራ ሁለት ዓመት መንገድ ላይ ይቆያል። ስለዚህ በጨረታ ሰነዱ ላይ "ሊፍት" የሚል አንድ መስመር ሲቀር፣ በዊልቸር የሚሄደው ሰው ከአሥር ዓመት በላይ ከቤቱ እንዳይወጣ ተፈረደበት ማለት ነው። ግብር ግን ይከፍላል።

ከእነዚህ ሰዎች ጀርባ የነበረው አትላንቲስ የተባለ ማኅበር ነው። ያቋቋመው ዌድ ብላንክ የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሲሆን፣ በ1960ዎቹ በጥቁር አሜሪካውያን የመብት ትግል ውስጥ ያለፈ ሰው ነው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ብላንክ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ይሠራ ነበር። እዚያ ያገኛቸው ግን አረጋውያን ብቻ አልነበሩም። ሌላ መኖሪያ ስላልተገኘላቸው ብቻ ከሽማግሌዎች ጋር እንዲኖሩ የተደረጉ ወጣት አካል ጉዳተኞችም ነበሩ። ወጣቶቹ ወጥተው በራሳቸው ቤት እንዲኖሩ መሥራት ጀመረ፤ ከሥራውም ተባረረ። በ1975 አትላንቲስ ተመሠረተ፤ ወጣቶቹም ቤት ተከራዩ። ቤቱ ከተገኘ በኋላ ግን ሌላ ጥያቄ መጣ፦ ወደ ሥራ፣ ወደ ገበያ፣ ወደ ሲኒማ በምን ይኬዳል?

መጀመሪያ የሞከሩት ሕጋዊውን መንገድ ነው። በ1973 የወጣው የተሃድሶ ሕግ አንቀጽ 504፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ማንኛውም ተቋም በአካል ጉዳት ምክንያት ሰውን እንዳያገል ይከለክላል። አትላንቲስ ይህንን ይዞ የአውቶቡሱን ግዢ ፍርድ ቤት ወሰደው። በ1978 ክሱ ውድቅ ሆነ። የኮልፋክሱ ሌሊት የመጣው የፍርድ ቤቱ በር ከተዘጋ በኋላ ነው።

"ታዲያ ቴክኒኩ አስቸግሯቸው ይሆናል" የሚል አይጠፋም። በከፊል እውነት አለው። የድሮ አውቶቡስ ወለል ከመሬት ከ80 ሳንቲሜትር በላይ ይርቃል፤ ምክንያቱም ሻንሲው፣ ባሌስትራውና ዲፈረንሻሉ ሁሉ ከሥሩ ያልፋሉ። ወለሉን ዝቅ ማድረግ ማለት መኪናውን እንደገና መንደፍ ማለት ነው። የሚገርመው የአሜሪካ መንግሥት ይህንኑ ሥራ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮት ነበር። "ትራንስባስ" በተባለው ፕሮጀክት ጄኔራል ሞተርስ፣ ኤኤም ጄኔራልና ሮር የናሙና አውቶቡሶችን ሠርተው በከተሞች ተሞክረዋል። በ1977 የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ብሮክ አዳምስ ቁርጥ ያለ ትእዛዝ አወጡ፦ ከመስከረም 1979 መጨረሻ በኋላ በፌዴራል ገንዘብ ለመግዛት ጨረታ የሚወጣበት አውቶቡስ ሁሉ ወለሉ ወደ 56 ሳንቲሜትር የወረደ፣ ሰፊ በርና መወጣጫ ያለው መሆን አለበት አሉ።

በ1979 ሎስ አንጀለስ፣ ማያሚና ፊላዴልፊያ ተባብረው የመጀመሪያውን የትራንስባስ ጨረታ አወጡ። ቀኑ ደርሶ ሰነዱ ሲከፈት አንድም ተጫራች አልነበረም።

ፋብሪካዎቹ ዋጋውንና የቴክኒክ ችግሩን ምክንያት አድርገው አቀረቡ። ይሁንና ጄኔራል ሞተርስ በዚያው ጊዜ አርቲኤስ የተባለ የራሱን አዲስ አውቶቡስ ገበያ ላይ አውጥቶ ነበር። ገንዘቡን ያፈሰሰበትን ሞዴል ትቶ መንግሥት ወዳዘዘው የሚሄድበት ምክንያት አልነበረውም። ሚኒስትር ትእዛዝ ሊሰጥ ይችላል፤ ፋብሪካን በግድ ማጫረት ግን አይችልም። ትራንስባስ እዚያው ቀረ።

ቀጥሎም የባሰ መጣ። የከተማ ትራንስፖርት ድርጅቶች ማኅበር መንግሥትን ከሰሰ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ1981 ለማኅበሩ ፈረደ። አውቶቡሶች ሁሉ ሊፍት ይኑራቸው የሚለው መመሪያ ወደቀና ጉዳዩ ለየከተማው ፈቃድ ተተወ። ዴንቨር ግን ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሊፍት ለመግጠም ተስማማች። የአትላንቲስ ሰዎች የራሳቸውን ድል ይዘው ቤታቸው መቀመጥ ይችሉ ነበር። አልተቀመጡም። በ1983 አዳፕት የተባለውን አገር አቀፍ እንቅስቃሴ መሠረቱ፤ የትራንስፖርት ድርጅቶቹ ማኅበር ጉባኤውን በሄደበት ከተማ ሁሉ እየተከተሉ አውቶቡስ ፊት ተቀመጡ፣ ታሰሩም። የሞንትጎመሪን ትግል እያነሱ፣ ጥቁሮች የታገሉት አውቶቡሱ ውስጥ ፊት ለመቀመጥ ነበር፣ እኛ ገና በሩን አላለፍንም ይሉ ነበር።

መጋቢት 1990 ላይ በርካታ አካል ጉዳተኞች ዋሽንግተን ከሚገኘው የምክር ቤት ሕንጻ ፊት ዊልቸራቸውን ትተው ደረጃውን በእጃቸውና በጉልበታቸው እየተሳቡ ወጡት። ሐምሌ 26 ቀን 1990 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ (አባትየው) የአሜሪካ አካል ጉዳተኞችን ሕግ ፈረሙ። በሕጉ መሠረት ከአንድ ወር በኋላ የሚታዘዝ ማንኛውም አዲስ የከተማ አውቶቡስ በዊልቸር የሚሄድ ሰው የሚሳፈርበት መሆን ግዴታው ሆነ። ልብ በሉ፤ ሕጉ አሮጌዎቹን አውቶቡሶች አልነካም። የያዘው የግዢውን በር ነው፤ አሮጌው እያረጀ ሲወጣ አዲሱ እየተካው በአሥርና አሥራ አምስት ዓመት ውስጥ የአገሪቱ አውቶቡስ ተለወጠ።

ፋብሪካዎቹስ? ግዴታው ሲመጣ የማይቻለው ተቻለ። በጀርመን ኒዮፕላን በ1970ዎቹ ዝቅ ያለ ወለል ያለው አውቶቡስ አሳይቶ ነበር። በሰሜን አሜሪካ የካናዳው ኒው ፍላየር በ1991 የራሱን አቀረበ። አውቶቡሱ በአየር በተሞሉ ከረጢቶች ላይ ያርፋል፤ ሹፌሩ አንድ ቁልፍ ሲጫን በበሩ በኩል ያለው አየር ይወጣና አውቶቡሱ ወደ እግረኛው መንገድ ያዘነብላል። እንግሊዝኛው ይህን "መንበርከክ" ይለዋል። ከዚያ ከወለሉ ላይ አንድ ሳንቃ ተገልብጦ ድልድይ ይሆናል። የድሮው ሊፍት በየጊዜው የሚበላሽ፣ ተሳፋሪውን ሁሉ የሚያስጠብቅ ማሽን ነበር። ሳንቃው ግን የሚበላሽ ነገር የለውም ማለት ይቻላል፤ ቢበዛ ሹፌሩ ወርዶ በእጁ ይገለብጠዋል።

ዋጋ አልተከፈለበትም ማለት አይደለም። ወለሉ ሲወርድ ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ይገባሉ፣ በላያቸውም ጉብታ ይሠራል፤ የመቀመጫ ቁጥር ይቀንሳል። በብዙዎቹ ሞዴሎች ሞተርና ዲፈረንሻል ያለበት የኋላው ክፍል አሁንም ደረጃ አለው። ጎዳናው ጉድጓድ ከሆነ ዝቅ ያለ ሆድ ይፈጋል። በሌላ በኩል ሕጻን በጋሪ የምትገፋ እናት፣ ከዘራ የያዘ ሽማግሌ፣ ሻንጣ የሚጎትት መንገደኛ ሁሉ በዚያው በር ይገባሉ። ለእነሱ ብሎ አስፋልት ላይ ያደረ ግን አልነበረም።

ዛሬ ኮልፋክስ ጎዳናን ይዞ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ሰው አውሮራ ይደርሳል። ከትልልቆቹ የኢትዮጵያውያን መኖሪያዎች አንዱ ነው፤ በአውቶቡስ ሥራ የሚገባውና ከሥራ የሚወጣው ወገን ብዙ ነው። እናቱን ከአገር ቤት አምጥቶ ጉልበቷ እንቢ ሲላት አውቶቡሱ የተንበረከከላት ልጅ፣ ነገሩ ከፋብሪካ እንዲሁ የመጣ ሊመስለው ይችላል።

ኢትዮጵያም በ2010 የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 9 ትራንስፖርትን በስም ይጠራል። አዲስ አበባ ላይ አዲስ አውቶቡስ በገባ ቁጥር ሪባን ይቆረጣል፤ ብዛቱ፣ ቀለሙና የመቀመጫው ቁጥር ይነገራል፣ አሁን አሁን ደግሞ በኤሌክትሪክ መሥራቱ። የበሩ ደረጃ ከመሬት ስንት ሳንቲሜትር እንደሚርቅ የሚጠይቅ ጋዜጠኛ እምብዛም አይሰማም። ቁጥሩ ያለው ጨረታ ሰነዱ ውስጥ ነው፤ ሪባኑ ሲቆረጥ ደግሞ ጨረታው ካለቀ ቆይቷል።