መንዙማ፦ በድምፅ የቆየ ኪታብ



ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ ከዓመታት በፊት እዚሁ እንጅባራ በአንድ የኒካሕ ቤት የሆነ ነገር ነው። ከመድረሳ ገና መመለሴ ነበር፤ ዕውቀቱ ትኩስ፣ ትዕግሥቱ ግን ጥቂት። ከወሎ በጋብቻ የመጡ አንዲት አሮጊት እናታችን በሴቶቹ ክፍል መንዙማ ያዜማሉ፤ ሴቶቹም እያጨበጨቡ አዝማቹን ይቀበላሉ። በሩ ላይ ቆሜ «እማማ፣ ይሄ ነገር በዲናችን መሠረት የለውም፤ ቢተዉት» አልኳቸው። አልተከራከሩኝም። «እሺ ልጄ፣ አንተ ተምረሃል» ብለው ዝም አሉ። ከዚያ ወዲህ ሲያዜሙ ሰምቼ አላውቅም።

ተምሬ ነበር፤ ግን ስለ መንዙማ አልተማርኩም።

ቃሉ ራሱ ከደረሳ ሩቅ አይደለም። «ነዘመ» ማለት ዶቃን በክር እንደመሰካካት ነው፤ ቃልን በቃል ላይ ሰክቶ ግጥም ማድረግም «ነዝም» ይባላል። ነሕው የቀራ ሁሉ የኢብን ማሊክን አልፊያ ያውቃል፤ አንድ ሺህ ያህል ቤት ያለው የሰዋስው ግጥም ነው። ዑለማዎች ሰዋስውን በግጥም ያሰሩት ከቃል እንዳይጠፋ ብለው ነው። የወሎ ሸሆችም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ የእነሱ ደረሳ ዐረብኛ የማያውቀው ገበሬ፣ እረኛውና ምጣድ ላይ ያለችው እናት መሆኗ ነው። አንድ ሰው ሐሪማ ሳይገባ፣ ኪታብ ሳይገልጥ፣ የነቢዩን (ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) ልደትና ስደት፣ የሞትን ነገር፣ የአኺራን ጥያቄ በአማርኛ በቃሉ ይዞ ያድጋል። እኔ ስድስት ዓመት ቁጭ ብዬ የቀራሁትን ሲራ እኚያ እናታችን እንቅብ እየሰፉ ይዘውታል።

የታሪኩ ማዕከል ወሎ ነው። በአልብኮ የሚገኘው ጀማ ንጉስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በሸህ ሙሐመድ ሻፊ ከተመሠረተ ወዲህ የመውሊድና የሐድራ ስፍራ ሆኖ ኖሯል። ጌታ፣ ዳናና ሾንኬም በየፊናቸው ዑለማ ያፈሩ ስፍራዎች ናቸው። ሐድራው ላይ አንዱ ያወጣል፣ ጀማው ይቀበላል፤ ድቤ ይመታል፣ ጭብጨባው ይደምቃል፤ በመሐል ዱዓ ይገባል። ግጥሙ አማርኛ ሆኖ ዐረብኛው በየስንኙ ጣል ጣል ይላል፤ ኦሮምኛ የሚዜምም አለ።

ይህ ድምፅ የተፈተነበት ዘመን ግን አለ። በ1878 እ.ኤ.አ. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ አዘዙ። የወሎው ገዥ ኢማም ሙሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ። ብዙ ሰው ተሰደደ፤ የሸፈተም አለ። ካመፁት ዑለማ አንዱ በ1936 እ.ኤ.አ. ያረፉት ሸህ ጦልሓ ቢን ጀዕፈር ናቸው (ረሒመሁላህ)። እኚህ ሰው ታጣቂ ብቻ አልነበሩም፤ በአማርኛ መንዙማ ገጥመው በዐጀም፣ ማለትም አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል፣ ጽፈዋል። ሟቹ የታሪክ ምሁር ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ ስለ እሳቸው ሕይወት ለብቻው ጥናት አቅርበዋል። ቤተ መንግሥቱ የራሱን ታሪክ የሚጽፍለት ጸሐፌ ትእዛዝ ነበረው። የተሳዳጁ ሕዝብ ሐዘንና ልመና ግን በአብዛኛው የተቀመጠው በእንዲህ ያለ ግጥም ውስጥ ነው።

ዐጀሙ የራሱ ጣጣ አለው። ዐረብኛ «ጨ» እና «ኘ» የለውም፤ ጸሐፊዎቹ ባሉት ፊደላት ላይ ነጥብ እየጨመሩ ለማብቃቃት ሞክረዋል። ስለዚህ ግጥሙን አስቀድሞ በቃሉ የማያውቅ ሰው ወረቀቱን ይዞ ይደናገራል። እኔ ራሴ አንድ የዐጀም ቅጠል ይዤ ግማሽ ቀን ታግያለሁ፤ ዐረብኛዬን ታምኜ ነበር፣ አማርኛው አሸነፈኝ። የሚያዜሙት ሰዎች ሲያልቁ ወረቀቱም አብሮ ዲዳ ይሆናል ማለት ነው።

የውጭ ሰዎች ቀድመውናል። ጣሊያናዊው ኤንሪኮ ቼሩሊ የሐበሻ ሙስሊሞችን የአማርኛ ግጥሞች ሰብስቦ በ1926 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። እኛ ዘንድ የሙስሊሙ ድምፅ አደባባይ ለመውጣት እንኳ ጊዜ ፈጅቷል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ታላቁ ሰልፍ ተደረገ፤ በማግስቱ ዓመት ዒዶቹና መውሊድ ብሔራዊ በዓላት ሆኑ። ከዚያ ካሴት መጣ። የሸህ ሙሐመድ አወል ሐምዛ ድምፅ በቴፕ ከቤት ቤት ሲዞር፣ ወሎን በእግሩ ረግጦ የማያውቅ ሰው የወሎን ዜማ ለመደ። ዛሬ ልጆቻችን የሚሰሙት ነሺዳ ብዙ ዜማውን የወረሰው ከዚያው ነው፣ ባያውቁትም።

ክርክሩን አልደብቅም። ከአላህ ውጭ የሚለመንበት ስንኝ ያለበት መንዙማ አለ፤ በዚያ ላይ ያለኝ አቋም ዛሬም አልተለወጠም። ድቤውና ጫቱም ዑለማዎች የተነጋገሩበት ነው። ነገር ግን ሐሳን ቢን ሳቢት (ረዲየላሁ ዐንሁ) በነቢዩ መስጂድ ግጥም እንዳቀረቡ እናውቃለን፤ የቡሰይሪን ቡርዳ ያልሰማ ደረሳም የለም። እኔ ያን ቀን ስንኙን ከስንኝ ለይቼ አልጠየቅኩም፤ እናታችን የሚያዜሙት ምን እንደሚል እንኳ አላዳመጥኩም። ድምፁን ብቻ ሰምቼ ፈረድኩ።

እዚህ አዊ ውስጥ እኛ ጥቂቶች ነን። የአገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ሲወጡ የአያቶቻቸውን ስም በፉከራና በዘፈን ያነሳሉ። የእኛ አባቶች ከየት እንደመጡ፣ በማን ዱዓ እንዳደጉ የሚነግረን ግን መጽሐፍ የለንም፤ ያለን እንደ እኚያ እናት ያሉ ጥቂት አፎች ናቸው።

ባለፈው ረመዳን ከተራዊሕ በኋላ ቤታቸው ሄድኩና አውፍ እንዲሉኝ ጠየቅኩ። ሳቁብኝ። «አውፍ ብያለሁ፤ አንተ ልጅ ነበርክ እኮ» አሉ። መዝጋቢ ስልኬን ከፊታቸው አስቀመጥኩ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጀመሩ። ሁለቱን እስከ መጨረሻው አወጡት፤ የመጀመሪያው ስለ ሂጅራ ነው፣ ሁለተኛው ዱዓ ነው። ከሦስተኛው አጋማሽ ላይ ቆሙ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ቃሉ አልመጣም። «ስታስቆመኝ ጊዜ ተውኩት፤ ካላሉት እኮ ይሄዳል» አሉኝ፤ ቂም አልነበረበትም። ምጣድ ላይ ሲሆኑ ትዝ ይላቸው እንደሆነ ልጃቸው በስልክ እንድትቀዳው አሳየኋት። እኔም ሐሙስ ማታ ሐሙስ ማታ እመላለሳለሁ። እስካሁን አራት ስንኝ ተመልሷል።