ቁልፉ ለምን በእንግሊዝኛ ይጽፋል?

የአማርኛ ዊኪፔዲያን ስትከፍቱ ከአማርኛው መሀል አልፎ አልፎ የእንግሊዝኛ ቁልፍ ብቅ ይላል። ነገሩ ታሪክ አለው።

ድሮ እያንዳንዱ የግዕዝ ሶፍትዌር የራሱ ኮድ ነበረው፤ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። ዳንኤል ያዕቆብን የመሰሉ ባለሙያዎች ደክመውበት ፊደላችን በዩኒኮድ 3.0 የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው።

ዊኪፔዲያ የሚሠራበት ሚዲያዊኪ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው። ከ2010 ጀምሮ የነበረው መልክ ሲታደስም ንድፉ በተለያዩ ቋንቋዎች ተጠቃሚዎች ዘንድ ተሞክሯል፣ ተተችቷል፣ ተስተካክሏል። በጥር 2023 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝኛው ላይ ሲወጣ ብዙዎች "ጽሑፉ ጠበበ፣ ባዶ ቦታ በዛ" ብለው ጮኹ። (እውነቱን ለመናገር እኔም አልወደድኩትም።) አሁን አንባቢው ስፋቱን የሚመርጥበት ቁልፍ አለው።

አዲስ ቁልፍ ግን ስሙ በእንግሊዝኛ ይወለዳል። ትራንስሌትዊኪ ላይ አንድ በጎ ፈቃደኛ አማርኛውን እስኪጽፍለት እንግሊዝኛው እዚያው ይቆያል። ጩኸታችን የሚሰማው ስንገባበት ነው፤ አማርኛውን ደግሞ ከእኛ ሌላ ማንም አይጽፍልንም። ኢምፔሪያል አካባቢ ካፌ ውስጥ ላፕቶፕ ከፍተው የማያቸው የሶፍትዌር ልጆች አንድ ማኪያቶ እስኪያልቅ አሥር ቁልፍ ይተረጉማሉ።