የንድፍ ክፍሉ መሰላል

የቴክኒክ ንድፍ ራሱን የቻለ የእንጀራ ሙያ የሆነው ፋብሪካ ከተስፋፋ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ዋናው ግንበኛ ሥራው ላይ ቆሞ አብዛኛውን በቃል እያዘዘ ያሠራ ነበር። የጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተር ግን ሲሊንደሩ አንድ ቦታ፣ ሌላው ክፍሉ ሌላ ቦታ ተሠርቶ ሩቅ ማዕድን ማውጫ ላይ ይገጣጠማል። ትእዛዙን ከቦታ ቦታ የሚያደርሰው ንድፉ ሆነ። ዋት በ1780 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የጽሑፍና የንድፍ መገልበጫ መሣሪያ የፈጠራ መብት ያስመዘገበውም ያለ ነገር አይደለም። አንድን ዕቃ ከፊትና ከላይ እያዩ በትክክል የመንደፍን ስልት በሥርዓት ያስቀመጠው ፈረንሳዊው ጋስፓር ሞንዥ ነው። ስልቱ ለዓመታት የጦር ምሥጢር ሆኖ ከተያዘ በኋላ በ1795 በይፋ ማስተማር ተፈቀደለት።

በ19ኛው መቶ ዘመን የንድፍ ክፍል የራሱ መሰላል ነበረው። ከታች መልእክተኛና ተለማማጅ፣ ከዚያ ገልባጭ፣ ቀጥሎ ነዳፊ፣ ከሱ በላይ ልኬቱን የሚያረጋግጥ፣ ከሁሉ በላይ ዋና ነዳፊ። በዚህ መሰላል የወጡትን ሰዎች ታሪክ ከሉዊስ ላቲመር የተሻለ የሚያሳይ የለም። ከባርነት ካመለጡ ወላጆች በማሳቹሴትስ በ1848 የተወለደው ላቲመር፣ ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ በአንድ የፈጠራ መብት ጠበቆች ቢሮ በሳምንት 3 ዶላር ተላላኪ ሆኖ ተቀጠረ። ነዳፊዎቹ ሲሠሩ እያየ፣ ያገለገሉ መሣሪያዎችና መጻሕፍት ገዝቶ ማታ ማታ ተማረ። አንድ ቀን «እስኪ እኔም ልሞክር» ብሎ ጠየቀ፤ ውሎ አድሮ ዋና ነዳፊ ሆነ። የአሌክሳንደር ግራሃም ቤልን የስልክ ፈጠራ መብት ንድፍ በ1876 ያዘጋጀው እሱ ነው። ኋላም በኤሌክትሪክ መብራት የራሱን ፈጠራ አስመዝግቦ ከኤዲሰን ጋር ሠራ።

ጆን ሄርሸል በ1842 ያገኘው የሰማያዊ ኅትመት ዘዴ በንድፍ ክፍሎች ሲለመድ ገልባጩን ያጠፋል ቢባል አያስገርምም ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። የብረት ጨው በተቀባ ወረቀት ላይ ፀሐይ የምታትመው ብርሃን ከሚያሳልፍ ንድፍ ስለሆነ፣ የእርሳሱን ሥራ በስታርች በታከመ ስስ ሸራ ላይ በቀለም የሚደግም ሰው ያስፈልጋል። በብሪታንያ የመርከብና የማሽን ፋብሪካዎች ሴቶች በብዛት ወደ ንድፍ ክፍል የገቡት በዚህ በር ነው። ሥራው ምሕረት የለውም። መሥመር ከተሳሳተ በምላጭ ተፍቆ፣ የሻከረው ቦታ መልሶ ይለሰልሳል፤ አለዚያ አዲሱ ቀለም ይሰርጋል። ደመወዛቸው ግን ከወንዶቹ ያነሰ ነበር፤ ከገልባጭነት ከፍ የማለት ዕድላቸውም ጠባብ።

በኢትዮጵያ ሙያው በመደበኛ ትምህርት ከተሰጠባቸው ቦታዎች አንዱ በ1954 አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው፣ በተለምዶ «ሕንፃ ኮሌጅ» የሚባለው የኢትዮ-ስዊድን ተቋም ነው። በአገራችን ቢሮዎች «ድራፍትማን» የሚለው መጠሪያ ጸንቶ ቀርቷል።

የንድፍ ጣውላውንና ቲ-ስኩዌሩን ያስቀመጠው ኮምፒውተር ነው። አይቫን ሳዘርላንድ በ1963 በማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም በስክሪን ላይ የሚነደፍበትን ፕሮግራም ስኬችፓድን አሳየ፤ የንድፍ ፕሮግራሙ አውቶካድ በ1982 ለገበያ ቀረበ፤ ከዚያ ወዲህ የግል ኮምፒውተር ያለው ትንሽ ቢሮም መንደፍ ቻለ። ኮምፒውተሩ ከላይ ያሉትን ሳይሆን የታችኛውን እርከን ነው የነቀለው። ገልባጭ ቀረ፤ መሐንዲሱ ራሱ ይነድፍ ጀመር፤ እያዩ የሚማሩበት ወንበርም አብሮ ተነሣ። ለዚህም ነው ዛሬ ቀጣሪ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ማስረጃ የሚጠይቀው። የቀረው ሥራ ወደ ልዩ ዘርፎች ተከፋፍሏል፤ የቅየሳ ካርታ የሚያዘጋጅ፣ ሕንፃን ከነቧንቧውና ከነኤሌክትሪኩ በሦስት አውታር የሚያዋቅር፣ የብረት ምሰሶና አግዳሚ የሚገናኙበትን እያንዳንዱን የብሎን ቀዳዳ ለብረታ ብረት ሠራተኛው ከነመጠኑ የሚያወጣ።