የኮራል ሪፍ አኳሪየም

የኮራል ሪፍ አኳሪየም በመስታወት ወይም በአክሪሊክ ገንዳ ውስጥ የባሕር ውኃ በማዘጋጀት ኮራሎችን፣ ትናንሽ የባሕር ዓሦችንና ሌሎች የሪፍ እንስሳትን አብሮ ማኖሪያ ነው። ከሌላው የጨው ውኃ አኳሪየም የሚለየው ዋነኞቹ ነዋሪዎቹ ኮራሎች በመሆናቸው ነው። ብዙ ዓሦች ለጥቂት ጊዜ የሚታገሡትን የሙቀት፣ የጨዋማነት ወይም የኬሚካል ለውጥ ኮራል ላይቋቋመው ይችላል። ስለዚህ የሪፍ አኳሪየም አያያዝ በዋነኛነት ውኃውን ሳይለዋወጥ የማቆየት ሥራ ነው።

ስለ አኳሪየም የተጻፉት አብዛኞቹ መመሪያዎች ለዝቅተኛ ቦታና ለማይቋረጥ የኤሌክትሪክ አገልግሎት የታሰቡ ናቸው። እንደ ደብረ ማርቆስና መርጡለ ማርያም ባሉ የጎጃም ደጋ ከተሞች ግን ስስ አየር፣ ቀዝቃዛ ሌሊትና የመብራት መጥፋት ስለሚጨመሩ አሠራሩ በከፊል ይለያል።

ታሪክ

የመጀመሪያው የሕዝብ አኳሪየም እ.ኤ.አ. በ1853 በለንደን የእንስሳት ማቆያ ተከፈተ። በቀጣዩ ዓመት እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ ያሳተመው መጽሐፍ «አኳሪየም» የሚለውን ቃል አስፋፋው። ኮራልን በቤት ውስጥ ማቆየት ግን ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ አስቸጋሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 የኢንዶኔዥያው ሊ ቺን ኤንግ ከባሕር በወጣ ድንጋይና በአየር አረፋ ብቻ ኮራሎችን ማኖር እንደሚቻል በጽሑፍ አስታወቀ። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የበርሊን አሳዳጊዎች በዚህ ላይ ጠንካራ ብርሃንና አረፋ ለያይ መሣሪያ ጨመሩበት። «የበርሊን ዘዴ» የሚባለው ይህ አሠራር ዛሬም የአብዛኞቹ የቤት ሪፎች መሠረት ነው።

ኢትዮጵያና ኮራል

ከእ.ኤ.አ. 1993 ወዲህ ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ የላትም፤ ለጎጃም ቅርብ የሆኑት ሕያዋን ሪፎች በቀይ ባሕር፣ ለምሳሌ በኤርትራ የዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ ይገኛሉ። ሆኖም ቀይ ባሕር በአንድ ወቅት ወደ ዳናክል ዝቅታ ይገባ ስለነበር በአፋር ክልል ከ100 ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው የኮራል ቅሪተ አካላት ይታያሉ። በዓባይ ሸለቆ በደጀን በኩል የሚታየው የኖራ ድንጋይም በጁራሲክ ዘመን ከባሕር ሥር የተጠራቀመ ነው።

የኮራል አኗኗር

ኮራል እንስሳ ነው። ሪፍ የሚሠሩት ኮራሎች በሥጋቸው ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎችን ያኖራሉ። አልጌዎቹ በብርሃን ኃይል ምግብ ሠርተው ለኮራሉ ያካፍላሉ፤ ኮራሉ ደግሞ መጠለያና አልሚ ንጥረ ነገር ይሰጣቸዋል። ውኃው ከመጠን በላይ ሲሞቅ ወይም ብርሃኑ በድንገት ሲበረታ ኮራሉ አልጌዎቹን አስወጥቶ ይነጣል። በዚህ ሁኔታ ከቆየም በረሃብ ይሞታል። ድንጋያማ ኮራሎች አጽማቸውን የሚሠሩት ከውኃው በሚወስዱት ካልሲየምና ካርቦኔት ነው። ስለዚህ እያደጉ በሄዱ ቁጥር የውኃውን ይዘት ይቀንሳሉ።

ውኃና ጨው

ለሪፍ አኳሪየም ተስማሚ የሆነው ውኃ በአማካይ የሚከተለውን ይመስላል፦

ሙቀት፦ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴልሺየስ
ጨዋማነት፦ በ1 ኪሎ ግራም ውኃ 35 ግራም
ፒኤች፦ ከ8.0 እስከ 8.4
አልካሊነት፦ ከ7 እስከ 10 የጀርመን ዲግሪ
ካልሲየም፦ ከ400 እስከ 450 ሚሊ ግራም በሊትር
ማግኒዥየም፦ ከ1,250 እስከ 1,350 ሚሊ ግራም በሊትር
አሞኒያ፦ ዜሮ

ይህን ውኃ በገበታ ጨው ማዘጋጀት አይቻልም። በባሕር ውኃ ውስጥ ካለው ጨው 85 በመቶ ያህሉ ሶዲየምና ክሎራይድ ሲሆን የቀረው ሰልፌት፣ ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሌሎችም ናቸው። የአፋር ጨው፣ ቀድሞ በጎጃም ገበያ እንደ ገንዘብ ያገለግል የነበረው አሞሌም ጭምር፣ ከሞላ ጎደል ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው። ምንጩ የጥንት ባሕር ቢሆንም ውኃው ሲተን ማዕድናቱ በየተራ ተለያይተው ስለሚረጉ የባሕሩን ሙሉ ይዘት አይመልስም። ለአኳሪየም ተብሎ የተዘጋጀ የባሕር ጨው ያስፈልጋል። ለ200 ሊትር ውኃ 7 ኪሎ ተኩል ያህል ይፈጃል።

ጨው የሚበጠበጥበት ውኃም ንጹሕ መሆን አለበት። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ሊኖረው ይችላል። በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ያለፈ የምንጭና የጉድጓድ ውኃ ደግሞ ሲሊካ ስለሚይዝ ቡናማ አልጌ ያበዛል። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ የሟሙ ማዕድናትን አያስወግድም። ከቆርቆሮ ጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ዚንክ ሊኖረው ስለሚችል አይመከርም። የሚሻለው በሪቨርስ ኦስሞሲስ የተጣራ ወይም የተጣለለ ውኃ ነው። መዳብ በጥቂቱም ቢሆን ኮራልንና ሽሪምፕን ስለሚገድል የነሐስና የመዳብ ዕቃ ለዚህ ሥራ አይውልም፤ የፕላስቲክ ባልዲ ይበቃል።

ዕቃዎችና አጀማመር

ለጀማሪ 200 ሊትር ገደማ የሚይዝ ገንዳ ከትንሽ ገንዳ ይሻላል፤ ውኃው ሲበዛ ለውጡ ይዘገያልና። ገንዳው ከነድንጋዩና ከነአሸዋው 300 ኪሎ ግራም ሊመዝን ስለሚችል መቆሚያው ጠንካራና ውኃ ልኩ የተስተካከለ መሆን አለበት። ከገንዳው ሌላ የሚያስፈልጉት ቴርሞስታት ያለው ማሞቂያ፣ ውኃ የሚያንቀሳቅሱ ፓምፖች፣ ሰማያዊ ብርሃን የሚያመዝን የኤልኢዲ መብራት፣ አረፋ ለያይ (ፕሮቲን ስኪመር)፣ የጨው መለኪያ ሪፍራክቶሜትርና የውኃ መመርመሪያዎች ናቸው። አረፋ ለያዩ ውኃውን ከጥቃቅን የአየር አረፋዎች ጋር በማደባለቅ ቆሻሻውን በአረፋ መልክ ያወጣል፤ በዚያውም ኦክስጅን ይጨምራል።

የገንዳው ዋና ማጣሪያ ድንጋዩ ነው። ቀዳዳ የበዛበት የካርቦኔት ድንጋይ ለባክቴሪያዎች ሰፊ ማደሪያ ይሆናል። በዓባይ ሸለቆ የሚገኘው የኖራ ድንጋይ ጠጣር ስለሆነ ለመደገፊያ እንጂ ለማጣሪያነት ብዙ አይጠቅምም። በዚሁ ሸለቆ ጀሶ የሚሆነው ጂፕሰምም ስላለ ሁለቱን መለየት ያሻል። አቼቶ ሲንጠባጠብበት የኖራ ድንጋይ አረፋ ያወጣል፤ ጂፕሰም ግን አያወጣም። ጂፕሰም በውኃ ስለሚሟሟ ወደ ገንዳው አይገባም።

ገንዳው ከተሞላ በኋላ እንስሳ ወዲያውኑ አይጨመርም። ከምግብ ትራፊና ከዓሣ እዳሪ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ አንድ ዓይነት ባክቴሪያዎች ወደ ናይትራይት፣ ሌሎች ደግሞ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች እስኪራቡ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይወስዳል። ጥቂት የዓሣ ምግብ ወይም የአሞኒያ ፈሳሽ ተጨምሮ አሞኒያና ናይትራይት ሁለቱም ወደ ዜሮ መውረዳቸው በምርመራ ይረጋገጣል። ከዚያ በኋላ ጠንካራ የሆኑት ለስላሳ ኮራሎች ይቀድማሉ፤ ድንጋያማ ኮራሎች ከወራት በኋላ ይከተላሉ። ዓሦች አንድ በአንድ ይጨመራሉ።

የደጋ አገር ሁኔታ

ኦክስጅን። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለሉ 74 በመቶ ያህል ነው። 25 ዲግሪ የሞቀ የባሕር ውኃ በባሕር ወለል ላይ በሊትር 6.7 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ በዚህ ከፍታ የሚይዘው 5 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ፓምፕ መጨመር ውኃው ወደዚህ ጣሪያ እንዲደርስ ይረዳል እንጂ ጣሪያውን አያሳልፈውም። ስለዚህ በደጋ የዓሦችን ቁጥር መመሪያዎች ከሚፈቅዱት መቀነስ፣ የውኃውን ገጽ ዘወትር ማንቀሳቀስና ምግብ አለማብዛት ተገቢ ነው። በጣም አስጊው ሰዓት ሊነጋጋ ሲል ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሁሉም ሲተነፍሱ አልጌዎቹ ግን ኦክስጅን አልሠሩምና።

ቅዝቃዜና የመብራት መጥፋት። 200 ሊትር የባሕር ውኃ በ100 ዋት ልክ ሙቀት ቢያጣ በየ2 ሰዓት ከሩብ 1 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። መብራት ለ8 ሰዓት ቢጠፋ ከ3 ዲግሪ በላይ ይወርዳል ማለት ነው። ብዙ ጀማሪዎች በዚህ ጊዜ የሚያስቡት ለማሞቂያው ነው፤ ይሁንና ቀድሞ የሚያልቀው ብዙውን ጊዜ ኦክስጅን ነው። 12 ቮልትና 7 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ የሚይዘው 84 ዋት ሰዓት ነው። ይህ ኃይል 200 ዋት ማሞቂያን ግማሽ ሰዓት እንኳ አያሠራም፤ 4 ዋት የአየር ፓምፕን ግን ሌሊቱን ሙሉ ሊያሠራ ይችላል። ስለዚህ ባትሪው ለአየር ፓምፑ ይውላል፤ ሙቀቱ ደግሞ የገንዳውን ጎኖች በብርድ ልብስ በመጠቅለል ይጠበቃል። የገንዳው አፍ ግን አየር እንዲገባ ክፍት ይቀራል።

60 ዲግሪ የሞቀ ውኃ የያዘ ባለ 2 ሊትር የታሸገ ጠርሙስ ገንዳው ውስጥ ቢንሳፈፍ ሙቀቱን በአንድ ሦስተኛ ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ክፍሉን በከሰል ማሞቅ ግን በካርቦን ሞኖክሳይድ ምክንያት ለቤተሰቡ ሕይወት አደገኛ ነው፤ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድም የውኃውን ፒኤች ያወርዳል። መብራት ሲመለስ የቀዘቀዘው ውኃ ቀስ በቀስ፣ በሰዓት ከ1 ዲግሪ ባልበለጠ ፍጥነት መሞቅ አለበት።

ትነት። የሞቀ ውኃ በደረቅና ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ቶሎ ይተናል። የሚተነው ውኃው ብቻ ስለሆነ ጨው ይቀራል። ከ200 ሊትር 10 ሊትር ቢተን ጨዋማነቱ ከ35 ወደ 37 ገደማ ይወጣል። የጎደለው በየቀኑ ጨው በሌለው ንጹሕ ውኃ ይሞላል፤ በጨው ውኃ መሙላት የጀማሪዎች የተለመደ ስሕተት ነው።

የተለመዱ ችግሮች

ዓሦች ወደ ውኃው ገጽ ወጥተው ሲያለከልኩ፦ ኦክስጅን ማነሱን ወይም አሞኒያ መኖሩን ያመለክታል። በቅድሚያ የውኃው ገጽ ይነቃነቃል፤ ቀጥሎ አሞኒያ ይለካል፤ ከተገኘም የተወሰነው ውኃ በተመሳሳይ ሙቀትና ጨዋማነት ባለው አዲስ ውኃ ይተካል።

ፒኤች ከ8 በታች ሲወርድ፦ አልካሊነቱ ትክክል ከሆነ ምክንያቱ በአብዛኛው በቤቱ ውስጥ የታመቀ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ቡና የሚፈላበት ከሰልና የተዘጋ መስኮት ለዚህ ይበቃሉ። መስኮት መክፈት ኬሚካል ከመጨመር ይቀድማል።

ቡናማ ወይም አረንጓዴ አልጌ ሲበዛ፦ በአዲስ ገንዳ ቡናማው የሚጠበቅና አብዛኛውን ጊዜ በራሱ የሚጠፋ ነው። የማይጠፋ ከሆነ የውኃው ምንጭ ይመረመራል። አረንጓዴው ከብዙ ምግብ ከሚመጣ ናይትሬትና ፎስፌት ጋር ይያያዛል።

ኮራል ሲነጣ፦ ሙቀቱና የመብራቱ ጥንካሬ ይታያል። አዲስ መብራት ወይም አዲስ ኮራል ከሆነ ብርሃኑ ተቀንሶ በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ይጨመራል።

ድንጋያማ ኮራል እድገቱን ሲያቆም፦ አልካሊነትና ካልሲየም ይለካሉ። አንዱ የመተኪያ ዘዴ ንጹሕ የኖራ ውኃ በሌሊት ጠብ ጠብ ማድረግ ነው። ለግንባታ የሚሸጥ ኖራ ንጽሕናው ስለማይታወቅ አያገለግልም። ኖራ ቆዳንና ዓይንን ስለሚያቃጥል ጓንትና መነጽር ያስፈልጋል።

ሁሉም እንስሳት በአንድ ጊዜ ሲጨማደዱ፦ መርዝ ገብቶ ሊሆን ይችላል። የተባይ ማጥፊያ ርጭትን የአየር ፓምፑ ስቦ ውኃው ውስጥ ስለሚያስገባው ገንዳው ባለበት ክፍል አይረጭም።

በየሳምንቱ ከውኃው 10 በመቶ ያህሉን መለወጥና መለኪያዎቹን በደብተር መመዝገብ አብዛኞቹን ችግሮች አስቀድሞ ያሳያል። አንድ ቁጥር ከተፈለገው ትንሽ መራቁ ብዙም አያሳስብም፤ በአንድ ሌሊት ብዙ መለወጡ ግን ያሳስባል። የተዛባውንም በአንድ ጊዜ ማረም ሌላ ድንገተኛ ለውጥ ስለሚሆን እርማቱ በቀናት ይከፋፈላል።

ደኅንነትና ጥበቃ

ዞአንቲድ የሚባሉ አንዳንድ የኮራል ዘመዶች ፓሊቶክሲን የተባለ ከባድ መርዝ አላቸው። እንስሳት ያሉበትን ድንጋይ መቀቀል መርዙን በእንፋሎት ስለሚያሰራጭ በሌሎች አገሮች ቤተሰቦችን ለሆስፒታል ዳርጓል። የኤሌክትሪክ ገመዶችም ውኃ ተከትሏቸው ወደ ሶኬት እንዳይደርስ ከሶኬቱ በታች ዝቅ ብለው ዞረው መውጣት አለባቸው።

ድንጋያማ ኮራሎች በሙሉ ሊጠፉ የሚችሉ እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድን በሚቆጣጠረው ሳይተስ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ስላሉ ድንበር የሚያሻግራቸው ሰው ፈቃድ ያስፈልገዋል። ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። በፊሊፒንስና በኢንዶኔዥያ አንዳንድ አጥማጆች ዓሦችን በሳያናይድ አደንዝዘው ስለሚይዙ ሪፉ ይጎዳል። በዚህ ምክንያት ከሌላ አኳሪየም ላይ ተቆርጦ ያደገ የኮራል ቅንጣቢና በሰው እጅ የተራባ ዓሣ ከባሕር ከተወሰደው ይመረጣል። እንዲህ ያለው ኮራል በገንዳ ኑሮ የለመደ በመሆኑም ለጀማሪ ይቀላል።